ከቀረሶ፣ ከአምባዛና ከነጭ ዓሣ ለፓስታ የቱ ይሻላል?

ባሕር ዳር ሆኖ ለፓስታ ሽሪምፕ ወይም ካላማሪ ልፈልግ የሚል ሰው ቢያገኝ እንኳ የሚያገኘው ከሩቅ የመጣ በረዶ ነው። ጠዋት ከጣና የወጣ ዓሣ ደጅ ላይ እያለ በረዶ መግዛት ኪሳራ ነው። ሐይቁ ዳር ከሚሸጡት ሦስቱ ግን ከፓስታ ጋር ያላቸው ስምምነት እኩል አይደለም።

ቀረሶ ያለ ተፎካካሪ አንደኛ ነው። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ መጥበሻ ላይ ሳይፈርስ ይገለበጣል። የሚያስቸግረው ፊሌቶው መሀል የተደረደረ አንድ መስመር እሾህ ነው፤ በጣት ዳስሶ፣ ግራና ቀኙን በቢላ ጫፍ ቆርጦ ማውጣት ነው። አምባዛ ስብ ይበዛዋል፤ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሲሠራ ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ድልህና ቃሪያ በበዛበት ስጎ ውስጥ ግን ያምርበታል። ነጭ ዓሣን ለፓስታ አንመክርም። ጣዕም አጥቶ አይደለም፤ ሥጋው ውስጥ የተበተኑት ቀጫጭን አጥንቶች ከስፓጌቲው ጋር ሲጠቀለሉ አይታዩም፣ የሚታወቁት ጉሮሮ ላይ ነው። እሱ ለዱለት ይሁን።

ስለ ዋጋ አንድ ስሌት ይያዝ። ከሙሉ ቀረሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ሲሶ ያህል ነው፤ ለ4 ሰው የሚበቃ 400 ግራም ለማግኘት 1 ኪሎ ከ200 ግራም ማስመዘን ያስፈልጋል። የፊሌቶው ኪሎ ከሙሉው ሦስት እጥፍ በታች ከተጠራ ፊሌቶው ያዋጣል። ሙሉውን አስቆርጦ የሚወስድ ደግሞ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ጥሎ አይሂድ። ስንጥቡን አውጥቶ፣ በ1 ሊትር ውሃና በግማሽ ቀይ ሽንኩርት 20 ደቂቃ ቢቀቅለው ጥሩ መረቅ ይሆነዋል። ከዚያ ካለፈ ይመራል።

ቆራጮቹ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ቆዳውንም በንጽሕና ይገፉታል። ጉድለቱ ውሃው ላይ ነው። የተቆረጠው ባልዲ ውስጥ ይነከርና ከነውሃው ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ፊሌቶ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። «ሳትነክረው ስጠኝ» ማለት ይበቃል። ሆዱ ላይ የቀረ ጥቁር ስስ ሽፋን ካለም እዚያው ያስነሡት፣ መጥፎ ሽታው በአብዛኛው ከእሱ ነው። «የዛሬ ነው» የሚለው ቃልም ብቻውን አያስተማምንም፤ መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሣ ቀድሞ የተያዘው እዚያው ሞቶ ያድራል። ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ ካልተነሣ ይለፉት።

ቤት ሲደርስ ዓሣውን በጨርቅ ማድረቅ፣ ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት መቁረጥ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ መነስነስ። ሎሚ ከ5 ደቂቃ በላይ አይቆይበት፤ ላዩን አንጥቶ ያፈራርሰዋል።

ፓስታው 400 ግራም፣ ውሃው 4 ሊትር፣ ጨው 2 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ ላይ 8 ደቂቃ ቢልም እዚህ 10 ወይም 11 ይወስዳል። ሰዓት ሳይሆን ጥርስ ይወስን፤ መሀሉ ላይ ገና ጠንከር ሲል ይውጣ፣ የቀረውን ስጎው ያበስለዋል። ከማጥለልዎ በፊት አንድ ብርጭቆ የፓስታ ውሃ ያስቀሩ።

ፓስታው ሲበስል 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝግታ አሙቆ 4 ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት መጨመር። ቡናማ ከሆነ መጣል ነው፤ ምሬቱን ቲማቲም አይሸፍነውም። ከዚያ 3 የተከተፈ ቲማቲም፣ 1 ቃሪያ፣ 2 ጭልፋ መረቅ፤ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ፓስታው ይግባና በኃይለኛ እሳት 2 ደቂቃ ይገለባበጥ፣ ከደረቀ ካስቀሩት ውሃ ጠብ ይደረግበት።

ዓሣው ስጎው ውስጥ አይበስልም። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በማማሰያ ሲመታ ብትንትኑ ይወጣና ገንፎ ይሆናል። በሌላ፣ በደንብ በጋለ መጥበሻ እያንዳንዱን ጎን ደቂቃ ተኩል ጠብሶ በመጨረሻ ከላይ መደርደር፣ ፐርሰሜሎና ጥቂት ሎሚ ማከል። ቅቤም አይብም አይፈልግም፤ በጾም ዓሣ ለሚበላ ቤት እንዳለ ይቀርባል። በርበሬ የሚወድ በአምባዛው ስጎ ላይ ይጨምር፣ ቀረሶውን ግን ይተውለት።