አርብ ማታ በር ላይ «ቧንቧ ፈነዳ» ካሏችሁ ስልካችሁን ለማንም አትስጡ

ይህን የምጽፈው ገና ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር ቅዳሜና እሁድን ሌላ ከተማ ለማሳለፍ ቤት እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። በተለይ አዘጋጁ እናንተ ከሆናችሁ። የሁሉንም ገንዘብ የሰበሰበው፣ ቤቱን በስሙ የያዘው፣ ሌላው ሁሉ «እሱ ያውቃል» የሚለው ሰው ማለቴ ነው። አጭበርባሪ አከራዮች የሚያጠምዱት እሱን ነው።

እንዲህ ዓይነቱን አከራይ ታውቁታላችሁ። ባለቤት አይደለም። በተለያየ ስም ብዙ ቤት የሚያከራይ «አስተዳዳሪ» ነው። ማስታወቂያው ላይ ፈገግ ያሉ ባልና ሚስት ፎቶ አለ፣ እነሱን ግን ማንም አግኝቷቸው አያውቅም። ከመክፈላችሁ በፊት መልስ የሚመጣው በሰከንድ ነው። «የተከበሩ ደንበኛችን፣ ምንም አያስቡ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶልዎታል።» ቤቱ መሃል ከተማ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ አልጋው ለሁሉም የሚበቃ። ለቡድን የሚሆን ቤት ደግሞ ብርቅ ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል እስከ መጨረሻው ሰዓት አይጠፋም። ስምንት ሰው አንድ ላይ የሚያሳድር ቤት ግን አርብ ማታ ከየት ይመጣል? ይህን እነሱ ከኛ በላይ ያውቁታል። ሥራቸው በሙሉ የቆመው እዚህች ላይ ነው።

ሰው ሰብስቦ ጉዞ ማዘጋጀት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ቀን ለመቁረጥ ብቻ ግሩፑ ውስጥ ስንት ጊዜ ድምፅ ይሰጣል። አንዱ «እኔ ገብቻለሁ» ብሎ ይጠፋል። ሌላዋ «የምትሉት ይሁን» ትልና ቤቱ ከተያዘ በኋላ ሊፍት አለው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ገንዘብ መሰብሰቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በየሰዉ የውስጥ መስመር እየገባችሁ «የአንተ ብቻ ነው የቀረው» ስትሉ ትከርማላችሁ። ከኛ ውስጥ አንዷ ለዚህ ጉዞ ብላ የሥራ ፈረቃ ተቀያይራለች። አንዱ ትንሽ ልጁን እናቱ ጋ ትቶ ነው የመጣው። እንዲህ ተለምኖ የተገኘ ሁለት ቀን ነው የቀሙን። ገንዘቡ ያናድዳል፣ እሱ እውነት ነው። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ነፃ የምንሆንበት ቀን ግን እንደገና መቼ እንደሚገኝ አላውቅም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አርብ ማታ ደረስን። «የበሩን ኮድ ከመድረስዎ በፊት እንልክልዎታለን» ብለው ነበር፣ አልላኩም። በሩ ላይ ቆመን ስንደውል አይነሳም። መልእክቱ መነበቡ ይታያል፣ መልስ ግን የለም። ብዙ ከቆምን በኋላ አንዲት ሴት የቁልፍ መያዣ በጣቷ እያሽከረከረች መጣች። ሰላምታ የለም።

«ቡድኑ እናንተ ናችሁ?» አለች።

«አዎ፣ እኛ ነን።»

«ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቷል። ዛሬ ማደር አይቻልም።»

ቀና ብዬ አየሁ። የቤቱን መስኮት ከፎቶው አውቀዋለሁ፣ ባለ ሰማያዊ መጋረጃው ነው። መብራት በርቷል። ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ሳቅና ሙዚቃ እስከ ታች ይሰማል። «እነዚያ እነማን ናቸው?» ስላት «የጥገና ሠራተኞች» አለችኝ። ዓይኔ እያየ ዋሸችኝ። እንደማላምናትም ታውቃለች፣ ማመን አለማመኔ ግን ጉዳይዋ አልነበረም። ቤቱን ለሌላ ቡድን ሰጥተውታል። የቧንቧው ታሪክ አዲስ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ተጓዦች ሲያማርሩበት የኖረ ነው። አንዱን ቤት ለሁለት ወገን ያከራያሉ፣ የተሻለ የከፈለው ይገባል፣ ሌላው በር ላይ ቧንቧ ይፈነዳበታል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ያልሰማሁት የሚቀጥለውን ነው።

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አልኳት።

«ቀላል ነው። መተግበሪያው ላይ ያለውን ትሰርዘዋለህ፣ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ እኔ ደግሞ ሌላ ቤት እሰጣችኋለሁ።»

«ችግሩ የመጣው በእናንተ በኩል ነው። ለምን እናንተ አትሰርዙትም?»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ሲስተማችን ዛሬ አይሠራም» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «የትዕዛዝ ቁጥርህን ልየው» አለችኝ። ቁጥሩን እንድታነብ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላት። ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደችው። ነጠቀችኝ እንዳልል በኃይል አልነበረም፤ እህት የወንድሟን ስልክ እንደምታነሳው፣ በቀስታ ነው ያነሳችው። ከዚያ ጣቷ መሮጥ ጀመረ። አንዴ ነካች፣ ወረደች፣ ደግማ ነካች። ቦታውን አልፈለገችውም፣ የት እንዳለ በቃሏ ታውቀዋለች። «የሚሰርዙበት ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ ከዝርዝሩ ውስጥ «የጉዞ ዕቅዴ ተቀይሯል» የሚለውን መረጠች። አየኋት። «ቆይ! ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ እጄን ስዘረጋ «ጨርሻለሁ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቦታ ማስያዣዎ በጥያቄዎ መሠረት ተሰርዟል። ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ፦ 0።»

ከጎኔ የነበረችው ጓደኛዬ ጮክ ብላ አነበበችው። ሌሎቹ ዝም አሉ።

«ሙሉ በሙሉ ይመለሳል አላልሽም?» አልኳት። «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለች። «የሰረዝከው አንተ ነህ። ስሙ የአንተ፣ ስልኩ የአንተ።» ድምጿ ውስጥ ንዴት እንኳ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ሰው እያነጋገርኩ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ያንን «ሌላ ቤት» አመጣችው። ከመሃል ከተማ የራቀ ነው። መኝታው ሁለት ብቻ፣ የቀረነው ወለል ላይ በፍራሽ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ በጥሬ ገንዘብ፣ አሁኑኑ። ጓደኛዬ በጣም በትሕትና «እኅቴ፣ ለዚህኛው የከፈልነውን ቁጠሪልንና አስገቢን» ብትላት ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ለመዝናናት ነው ወይስ ለልመና የመጣችሁት?» አለቻት።

ይህንን ቃል አልረሳውም። ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ ከሥራ በቀጥታ ሻንጣዋን ጎትታ የመጣች፣ ድርሻዋን ከሁላችንም ቀድማ የከፈለች ሰው ናት። ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ። ሌላኛዋ ደክሟት ደረጃው ላይ ብትቀመጥ «እዚያ አትቀመጡ፣ ጎረቤት ያማርራል» ተባለች። ስንቱን ቡድን እንዲህ አቁመው እንዳዋረዱት ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ፋታ አትሰጥም፣ አትደናገርም፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አላት።

አስተዳዳሪው ጋ በጓደኛዬ ስልክ ስንደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ቁጥሩን ስለማያውቀው አዲስ ደንበኛ መስሎት ነው፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። ማን እንደሆንን ስነግረው ድምፁ ወዲያው ወረደ። «ሠራተኛዬን አታስቸግሩ። ፖሊሲውን አንብቡ» ብሎ ዘጋው።

ለምን እንዲያ አጥብቀው እኛው እንድንሰርዝ እንደፈለጉ የገባኝ በነጋታው ነው። አከራይ ከሰረዘ በአብዛኞቹ የኪራይ መተግበሪያዎች ላይ ለእንግዳው ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል፣ አከራዩም ይቀጣል። ለምሳሌ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት የሚሰርዝን አከራይ ከ50 እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍላል። (እኛ የያዝነው በእሱ አይደለም፣ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው።) እንግዳው በመጨረሻ ሰዓት ከሰረዘ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅጣት የለም፣ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፣ ቤቱም ያንኑ ሌሊት ከሌላ ሰው ይከፈልበታል። ከአንድ ቤት ሁለት ኪራይ። እኛ በር ላይ የቆምነው ለዚህች አንድ ንክኪ ነበር።

ቅዳሜን በስልክ ጨረስኩት። ሌሊቱን ያሳለፍነው ሁለት ቦታ ተከፋፍለን፣ በተገኘው ክፍል ነው። ጠዋት አብረን እንሄዳለን ያልነው ሙዚየም ቀረ። ማታ ሁላችንም አንድ ገበታ እንቀርባለን ያልነውም ቀረ። የደንበኞች አገልግሎቱ ሰው በተለዋወጠ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያው እናገራለሁ፣ መልሱ ግን አንድ ነው፦ «ሲስተሙ የሚያሳየው እርስዎ እንደሰረዙ ነው፤ ምክንያቱም የዕቅድ ለውጥ ይላል።» ያችን ምክንያት ለምን እንደመረጠች ያኔ ገባኝ። ባንኬ ጋ ደውዬ በካርድ የከፈልኩትን ልከራከርበት ስል የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ማነው የሰረዘው?» የሚል ነበር። ክርክሩን ከፍቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው እሄድበታለሁ። ከሌላ ባንክ በሐዋላ የላክነው የቀብድ ገንዘብ ግን እንደ ካርዱ የመከራከሪያ መንገድ የለውም፤ አንዴ ከገባ ላኪው መልሶ የሚጎትትበት አሠራር በቀላሉ አይገኝም። ቀብዱን ከመተግበሪያው ውጪ ያስላኩንም በከንቱ አይደለም።

አንድ ወዳጄ «በኢንተርኔት የተገዛ ነገር 14 ቀን ውስጥ ይመለሳል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሮ ነበር። አትሞኙ፣ ያ ሕግ ለዚህ አይሠራም። 14 ቀን የሚለው የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. የ2011ዱ ማለት ነው፣ ቀኑ የተቆረጠለትን ማረፊያ በግልጽ ከዚህ መብት ውጪ አድርጎታል። የሆቴልም የኪራይ ቤትም ቀን ካለው አይመለከተውም። አጭበርባሪዎቹ ይህንንም ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ሌላም የተናደድኩበት ነገር አለ። አንዳንድ ከተማ ውስጥ ማስታወቂያው ራሱ ከመነሻው ሕገወጥ ነው። ኒውዮርክን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚከራይ ቤት መመዝገብ አለበት፣ አከራዩ እዚያው መኖር አለበት፣ እንግዳም ከሁለት ሰው መብለጥ አይችልም። እንግዲህ እዚያ «ሙሉ አፓርትመንት፣ ለስምንት ሰው፣ ለሁለት ሌሊት» የሚል ካያችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደለጠፈው አስቡት። በር ላይ ሲያባርራችሁ ማን ጋ ሄዳችሁ ትከሱታላችሁ? የምትሄዱበት ከተማ ምዝገባ የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ ፈልጉት፣ ከሌለ እለፉት።

የኛው ሰውዬ ማስታወቂያ ዛሬ ጠዋትም አለ። ስሙን ቀይሮታል፣ ባልና ሚስቱም በሌላ ፎቶ ተተክተዋል። ሳሎኑ ግን ያው ነው፣ መጋረጃውም ያው ሰማያዊ ነው። ሪፖርት አድርጌዋለሁ፣ ጓደኞቼም አድርገዋል።

ምክር ካላችሁኝ ብዙ የለኝም። ከመክፈላችሁ በፊት የቤቱን ፎቶ በምስል ፍለጋ አስገቡት፤ በሌላ ስም ሌላ ቦታ ከወጣ ተዉት። ከመተግበሪያው ውጪ ቀብድ የሚጠይቅን አትመኑ። ግምገማዎቹን ስታነቡ «ቧንቧ»፣ «ሌላ ቤት ወሰዱን»፣ «መጨረሻ ሰዓት» የሚሉትን ፈልጉ፤ ከኮከቡ ይልቅ እነሱ ይናገራሉ። በር ላይ እንዲህ ካሏችሁ አትሰርዙ፣ ስልካችሁንም ከእጃችሁ አታውጡ። መጀመሪያ እዚያው ቆማችሁ በመተግበሪያው ውስጥ «ቤቱ እንደማይሰጠን ሠራተኛዋ ነግራናለች» ብላችሁ ጻፉ፣ መልስ ካልሰጡም ጽሑፋችሁ ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። በሩንና መስኮቱን ፎቶ አንሱ። ከመካከላችሁ አንዱ ደግሞ አዘጋጁ እየተከራከረ ሳለ ለዚያች ሌሊት ማደሪያ መፈለግ ይጀምር፤ ያችን ሴት ያን ያህል ያኮራት የምናድርበት እንደሌለን ማወቋ ነው።