ፌሮ፣ ባሌስትራ፣ ጊዛ ወይስ ስቴንለስ? ለዳቦ ቤት ምድጃ ፍርግርግ ስትገዙ

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ወልድያ፣ በእንጨት ወይም በከሰል የሚጋግር ዳቦ ቤት የማይቀርለት አንድ ወጪ አለ፤ የምድጃው ፍርግርግ። ማገዶው የሚያርፍበትን፣ አመዱ የሚወርድበትን፣ አየሩ ከታች የሚገባበትን የብረት ርብራብ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ይጎብጣል። ቀጥሎ ይቀጥናል። አንድ ሌሊት፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ፣ መሃሉ ይበጠስና ፍሙ በሙሉ አመድ ቤት ውስጥ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ አያማርጥም። የቅርቡ ብየዳ ቤት እጁ ላይ ያለውን ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ቆርጦ ይሰጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ይደገማል። ስለዚህ ምርጫው መታሰብ ያለበት አሁን ነው፤ ፍርግርጋችሁ ገና ደህና ሳለ።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። በእንጨት ለሚሠራ ሰው ከከባድ መኪና የወጣ ባሌስትራን (ንብርብሩን የስፕሪንግ ብረት) የሚያህል የለም፤ በጎኑ የቆመ፣ ያልተበየደ። በከሰል ለሚሠራ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ስቴንለስ (የማይዝገው ብረት) ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሁሉም መፍትሔ አይደለም። ፌሮ ደግሞ የተሠራው ለኮንክሪት ነው፤ እዚያው ይቆይ።

ፍርግርግ በምን ይሞታል?

ይህን ያላወቀ ሰው ውዱንም ገዝቶ ያቃጥለዋል። ብረቱን የሚጨርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው መላጥ ነው። ተራ ብረት ከ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲግል ከአየሩ ጋር ቶሎ ይዋሃዳል። ላዩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ይረግፍና ከሥር አዲስ ብረት ይጋለጣል፤ በማግስቱ እሱም ይላጣል። አመድ ስትዝ​ቁ የምታገኙት ጥቁር ስንጥርጣሪ ገንዘባችሁ ነው።

ሁለተኛው መጉበጥ ነው። ብረት 600 ዲግሪ ሲደርስ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። በላዩ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲወረወርበት አይችለውም።

ሦስተኛው መለጠጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስቴንለስ ከሆነ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ሁለቱም ጫፍ ከተያዘ የሚሄድበት ስለሌለው ይጣመማል፤ ወይም ብየዳውን ይሰነጥቃል።

ብየዳ ቤት ስትሄዱ የሚገጥማችሁን ታውቁታላችሁ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ከፍሬሙ ጋር ጥብቅ አድርጌ እበይደዋለሁ፤ ዕድሜ ልክ ነው!» ይላችኋል ልጁ በቅንነት። ለበር ቢሆን ልክ ነበር። ለምድጃ ግን ያ ጥብቅ ማለት ራሱ ነው ጠላቱ። እናንተ የምትፈልጉት አንድ በአንድ የሚነሱ ዘንጎች ናቸው። ጫፋቸው በጡቡ ወይም በአንግል ብረት ላይ ይተኛል፤ ሁለቱ ወገን ተደምሮ ወደ 10 ሚሊ ሜትር መፈናፈኛ ይቀርላቸዋል። አንዱ ሲሞት እሱን ብቻ ታወጣላችሁ። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ቀን ሙሉ መጠበቅ፣ ፍሬም ማስፈታት፣ ጡብ ማፍረስ የለም። ከሁሉም ምክር አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ነው የምለው።

አመድ ቤቱስ? ፍርግርግን በሕይወት የሚያቆየው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው። አመዱ ተከምሮ የብረቱን ሆድ ሲነካ አየሩ ይዘጋል፤ ብረቱ ከላይም ከታችም ይጠበሳል። አመድ በሰዓቱ የማያወጣ ዳቦ ቤት የትኛውንም ብረት ቢገዛ ትርፉ ድካም ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። ሌሊት እሳቱ በጋለ ሰዓት በአመድ በሩ በኩል ዝቅ ብላችሁ ዘንጎቹን ከሥር እዩ። ጥቁር ከሆኑ ደህና ናቸው። ደብዘዝ ያለ ቀይ ከሆኑ ከ600 ዲግሪ አልፈዋል። ብርቱካናማ ከሆኑ ወደ 900 እየተጠጉ ነው፤ ተራ ብረት እዚያ አይቆይም።

ፌሮ

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ማንም ይቆርጠዋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። ክብ ስለሆነ አመዱ በሁለት ዘንግ መሃል ይወተፋል፤ ቀጭን ስለሆነም ቶሎ ይጎብጣል።

ሒሳቡን ተመልከቱ። የ16 ሚሊ ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ይመዝናል። 10 ሚሊ ውፍረትና 50 ሚሊ ወርድ ያለው ፍላት ብረት በሜትር 3.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ 2 እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ፍላቱን በጎኑ ካቆማችሁት ግን የመጉበጥ መቋቋሙ ከፌሮው 30 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ያንኑ ፍላት አጋድማችሁ ብታስተኙት ደግሞ ከቆመበት 25 እጥፍ ይደክማል። ብረቱ አንድ ነው፤ የተለየው አቀማመጡ ነው። አጋድመው የሚበይዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለማገዶ ሰፋ ያለ መቀመጫ የሚሆን ይመስላቸዋል።

የግድ ፌሮ ከሆነ ከ20 ሚሊ በታች አትግዙ፤ አስመዝኑትም። የ20 ሚሊው በሜትር 2.47 ኪሎ መሆን አለበት። ቀለለ ማለት ቀጠነ ማለት ነው።

ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ወይም የውሃ ቧንቧ ሊሸጥላችሁ የሚሞክርም አይጠፋም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ቶሎ ይበሳል። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ጨርሶ ይቅር። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል፤ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ቦታ የለውም።

ባሌስትራ

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም። ይህ ለወሎ ዳቦ ጋጋሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ወርዱ ደግሞ 70 እና 80 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በጎኑ ሲቆም ጥልቅ ዘንግ ይሆናል። የላይኛው ጠርዝ እሳት ውስጥ ሆኖ የታችኛው አየር ውስጥ ይቀራል፤ ሙቀቱን ወደ ታች እያወረደ ራሱን ያቀዘቅዛል። ፌሮ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከላይ እስከ ታች ያው 2 ሳንቲ ሜትር ነው።

ችግሮችም አሉት። አንዱ ቆልማማነቱ ነው። አንጥረኛ አግሎ ማቃናት አለበት፤ በቀዝቃዛው ከተመታ ሊሰበር ይችላል። ሌላው ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ብየዳው ይሰነጠቃል። እኛ ግን አንበይድም፤ ስለዚህ ይህኛው አያሳስበንም። እሳት ውስጥ ሲገባ ስፕሪንግነቱ ይጠፋል፤ እሱም ለኛ ምናችንም አይደለም። መላጡ ግን ከተራ ብረት ብዙ አይለይም። ዕድሜውን ያገኘው ከውፍረቱና ከጥልቀቱ ነው። የቤንዚን ችቦ የመሰለ ኃይለኛ እሳት ላለበት ምድጃ አልመክረውም።

በዘንጎቹ መሃል ለእንጨት ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ክፍተቱን ለመጠበቅ አንዱ ጫፍ ላይ ቁራጭ ብረት ለጥፉ። እሱ ብቻ ይበየድ ብትሉ እሺ፤ ቢላቀቅም የሚወድቅ ነገር የለም።

ጊዛ

ጊዛ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። የባቡርና የፋብሪካ ቦይለሮች ፍርግርግ ለብዙ ዘመን ከዚህ ሲሠራ ኖሯል፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ሲግል እንደ ተራ ብረት አይለመጥም። ከሁሉም በላይ የፈለጋችሁት ቅርጽ ይወጣል። ጥሩ የጊዛ ዘንግ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። ከላይ በክፍተቱ የገባ አመድ ወደ ታች ሲሄድ ቦታው እየሰፋለት ስለሚሄድ አይወተፍም። መሃሉ ደግሞ እንደ ዓሣ ሆድ ወደ ታች ወረድ ይላል፤ ክብደት የሚበዛው እዚያ ነውና።

ድክመቱ ድንጋጤ አለመቻሉ ነው። የጋለ ጊዛ ላይ ውሃ ከደፋችሁ ይሰነጠቃል። ሥራ ሲያበቃ ፍሙን በባልዲ ውሃ የማጥፋት ልማድ ያለበት ቤት ጊዛ አይግዛ። ግንድ ከሩቅ መወርወርም እንዲሁ። ሌላም አለ። በየቀኑ ከ600 ዲግሪ በላይ እየጋለ ሲቀዘቅዝ ጊዛ ለዘለቄታው ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። መፈናፈኛ መተው ለጊዛ የበለጠ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስትገዙ እያንዳንዱን ዘንግ በገመድ አንጠልጥላችሁ በመዶሻ መታ አድርጉት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ አለ። «ጊዛ ነው» ብለው ሌላ ብረት እንዳይሰጧችሁ ደግሞ በግራይንደር ጫፉን አስነኩት። ተራ ብረት ረጅምና ደማቅ ፍንጣሪ ይረጫል። የጊዛው አጭርና ቀላ ያለ ነው።

የተለየ ቅርጽ ለማስፈሰስ ካሰባችሁ የእንጨት ሞዴል ያስፈልጋል። ጊዛ ሲቀዘቅዝ 1 ከመቶ ያህል ስለሚሸሽ የ60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ሞዴል 6 ሚሊ ሜትር መርዘም አለበት። ሞዴሉን ያሠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ይዛችሁት ውጡ፤ ለሚቀጥለው ይሆናል።

ለትንሽ ምድጃ አቋራጭ አለ። የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር ጊዛ ነው። ለሆቴል የሻይ ጀበናና ለድስት ክብ ፍርግርግ ቆርጠው የሚያወጡለት ባለሙያ ይገኛል። መጀመሪያ የፍሬኑን አቧራ በውሃ አጥቡ፤ በደረቁ አትቦርሹት፤ የድሮ ፍሬኖች ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል።

ስቴንለስ

የተለመደው 304 የሚባለው 18 ከመቶ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ኒኬል አለው። እየጋለ እየቀዘቀዘ ሲሠራ እስከ 870 ዲግሪ ገደማ ሳይላጥ ይቆያል። 310 የሚባለው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ ክፍለ ሀገር ላይ ማግኘቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋጋው ከፌሮ ጋር አይወዳደርም።

ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? አለመላጥ አለመጉበጥ ማለት አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚለጠጠውም እሱ ነው። ከተበየደ ከሁሉም በባሰ ይጣመማል። ብየዳ ቤት ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩበት ስስ ቱቦ ነው፤ ያ ለምድጃ አይሆንም።

ማግኔት ይዞ መሄድም አያድንም። 304 ማግኔት አይስበውም፤ እውነት ነው። ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት ርካሹ 201ም ግን አይስበውም። ሻጩ ማግኔቱን አሳይቶ ቢምልላችሁ ያሳያችሁ ግማሹን ነው። ሌላም ልጨምር፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ቱቦ የሚያነድ ቤት ስቴንለስ አይግዛ። ከፕላስቲክ ቱቦው (ፒቪሲ) የሚወጣው ክሎሪን ይበላዋል።

ስቴንለስ ዋጋውን የሚያወጣው ወፍራም ፍላት ካገኛችሁና ነፋሽ (አየር የሚነፋ የኤሌክትሪክ ማሽን) የሚገጠምለት የከሰል ምድጃ ካላችሁ ነው።

ማገዶውና ከፍታው

የምትገዙት ፍርግርግ በምታነዱት ነገር ይወሰናል። ደረቅ እንጨት ሲነድ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ከላይ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ ከታች ብዙ አየር አይፈልግም። እንዲያውም በፍርግርጉ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አመድ ብትተዉ ብረቱን ከፍሙ ይጋርደዋል። በየጠዋቱ ልቅም አድርጎ መጥረግ ንጽሕና ይመስላል፤ ለእንጨት ምድጃ ግን ጉዳት ነው። ከሰል የተለየ ነው። ጋዙ ቀድሞ ወጥቷል፤ የሚነደው እዚያው ብረቱ ላይ ነው፤ አየሩም በመሃሉ ማለፍ አለበት። ከሰል ጠባብ ክፍተት፣ ብዙ ክፍተትና ንጹሕ ፍርግርግ ይፈልጋል። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ለማለት ይቻላል።

ነፋሽ የምትጠቀሙ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አመድ በሩን ወዲያው ክፈቱ። የሚያቀዘቅዘው አየር ቆሟል፤ ፍሙ ግን እዚያው ብረቱ ላይ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች የእሷ ጉድለት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ቆላ ላይ በደንብ የሠራ ምድጃ ልኩ ተወስዶ ደሴ ሲሠራ የሚያጨሰው አንዳንዴ በዚህ ነው። ልዩነቱን በፍርግርጉ ክፍተት ለማካካስ አትሞክሩ፤ ፍሙ ይወድቃል። የአመድ በሩን አስፉ፣ ጭስ ማውጫውን አስረዝሙ።

ትእዛዝ ስትሰጡ ልኩን ከአሮጌው ፍርግርግ አትውሰዱ፤ እሱ ረዝሟል፣ ጎብጧል። የጡቡን ውስጥ ለውስጥ ለኩ፣ 10 ሚሊ ሜትር ቀንሱ፣ ከሚያስፈልጋችሁም ሁለት ዘንግ ጨምራችሁ እዘዙ።