አራት ኪሎ የሚሰጠው የማታ የኮሌጅ አልጀብራ ኮርስ፦ ፈንክሽንና ግራፍን እንዴት ያስተምራል?

ይህ ግምገማ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ማስጠኛ ማዕከል በማታው መርሐ ግብር ስለሚሰጠው የኮሌጅ አልጀብራ ኮርስ ነው። ትምህርቱ በዋናነት ያተኮረው በፈንክሽን (ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ዋይ በሚሰጥ ደንብ) እና በግራፍ ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለሚጠብቃቸው ወጣቶች፣ በማታና በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ለሚማሩ፣ እንዲሁም ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተው ለሚመለሱ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። እኔም ከእነዚህ ሠራተኞች አንዷ ስሆን፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ ማጠቃለያ ፈተናው ድረስ ተከታትዬ ስለጨረስኩት ለመመዝገብ ለሚያስቡ ሰዎች ያየሁትን ማስፈር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ኮርሱ ግራፍን በእጅ መሥራትን የትምህርቱ እምብርት ስላደረገ የሚከፈልበት ገንዘብም ሆነ የሚጠፋበት ጊዜ አያስቆጭም፤ ሆኖም ወደ መጨረሻው የሚታየው ጥድፊያ በአስቸኳይ መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት ነው።

በአራት ኪሎ ዙሪያ እንዲህ ያሉ ማስጠኛዎች ለምን እንደሚሞሉ ለመረዳት አያስቸግርም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በማግስቱም ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ወይም ሬሜዲያል ትምህርት መስጠት ጀመሩ። ብዙዎቻችን ሁለተኛ ደረጃን የጨረስነው ከአራት አማራጭ አንዱን ለመምረጥ የሚያስችል ቀመር በቃላችን ይዘን ነው። ግራፍ በዚያ ዓይነት ጥናት ውስጥ ጥያቄው ላይ ታትሞ የሚመጣ ሥዕል እንጂ ተማሪው ራሱ የሚሠራው ነገር አልነበረም። ይህ ኮርስ የሚነሣው በትክክል ከዚህ ክፍተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ካልኩሌተር የተከለከለባቸው ናቸው። የሚያስፈልገው የግራፍ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ላጲስ ብቻ ነው። መምህሩ ማንኛውንም ፈንክሽን ሰሌዳው ላይ ከጻፉ በኋላ ማንም የኤክስና የዋይ ዋጋዎችን ሠንጠረዥ እንዲሠራ አይፈቅዱም፤ በቅድሚያ ዶሜይኑ (ኤክስ ሊወስዳቸው የሚችላቸው ዋጋዎች) ምን እንደሆነ፣ ዋይ አክሲስን የት እንደሚቆርጥ፣ ኤክስ እጅግ ሲያድግ ዋይ ወዴት እንደሚሄድ በቃል መመለስ አለበት። ሠንጠረዡ የሚመጣው የግራፉ መልክ በአእምሮ ከተሣለ በኋላ፣ ግምቱን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ አሠራር ቀርፋፋ ይመስላል፤ አንዳንድ ተማሪዎችም ጊዜ ይፈጃል ብለው አጉረምርመው ነበር። እኔ ግን የኮርሱ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ነጥቦችን በዘፈቀደ መርጦ በመስመር የሚያገናኝ ሰው በሁለት ነጥቦች መካከል ፈንክሽኑ ምን እንዳደረገ ፈጽሞ ላያውቅ ይችላል።

የኳድራቲክ ፈንክሽን ትምህርት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 6 ኤክስ ሲደመር 5 የሚለው ፈንክሽን ተሰጠን። በፋክተር ስንከፍለው ኤክስ አክሲስን በ1 እና በ5 ላይ እንደሚቆርጥ አገኘን፤ ወደ ሙሉ ስኩዌር ስንቀይረው ደግሞ ‹ኤክስ ሲቀነስ 3› በቅንፍ ሆኖ ስኩዌር ይደረግና 4 ይቀነስበታል። ከዚህ በመነሣት መምህሩ የፓራቦላው፣ ማለትም የኩርባው ግራፍ፣ ቨርቴክስ (ዝቅተኛ ነጥቡ) በኤክስ 3፣ በዋይ ነጌቲቭ 4 ላይ እንደሆነ፣ ማለትም መደበኛው የኤክስ ስኩዌር ግራፍ 3 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ታች እንደተዛወረ አሳዩን። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ብዙዎቻችንን ያስጨነቀንን ጥያቄ አነሣች።

«መምህር፣ 3 እየተቀነሰ እንዴት ወደ ቀኝ ይሄዳል? ወደ ግራ መሆን አልነበረበትም?»

«እስኪ አንቺው ንገሪኝ፤ ቅንፉን ዜሮ የሚያደርገው ኤክስ ስንት ነው?»

«3።»

«ስለዚህ ድሮ ዜሮ ላይ የነበረው ዝቅተኛ ነጥብ አሁን የት ሄደ?»

ልጅቷ መልሱን ሰሌዳው ላይ ወጥታ በራሷ እጅ ሣለችው። መምህሩ ሕጉን አላስጻፉንም፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ስለ ቀኝና ግራ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። በብዙ ክፍሎች ይህ ጉዳይ በቅንፍ ውስጥ ያለ ምልክት አቅጣጫን ይገለብጣል በሚል የቃል ጥናት ይታለፋል፤ የዚያ ዓይነት ዕውቀት ደግሞ ፈተና ላይ በሚደርስ ድንጋጤ ይጠፋል።

ከሁሉም በላይ ያደነቅሁት ክፍል በየእርከኑ የተለያየ ደንብ ያለውን ፈንክሽን፣ ማለትም ፒስዋይዝ ፈንክሽንን፣ ያስተማሩበት መንገድ ነው። መምህሩ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለውን የገቢ ግብር አዋጅ ምጣኔ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይታሰባል። ከዚያም ኤክስ ደመወዝ፣ ዋይ ግብር ሆኖ ግራፉን እንድንሠራ አዘዙን። ውጤቱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ከጀመረ በኋላ በየእርከኑ ስሎፑ (አቀበትነቱ) እየጨመረ የሚሄድ፣ ግን የትም ቦታ ላይ የማይቋረጥ መስመር ነው።

ይህ አለመቋረጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ‹ደመወዝ ቢጨመርልኝም ግብሩ ወደሚቀጥለው እርከን ስለገባ እጄ ላይ የሚደርሰው ቀነሰ› የሚል ቅሬታ ይሰማል። ግራፉ ግን ይህ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ያሳያል። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው ግብሩ በ25 በመቶው ደንብ ሲሰላ 2,500 ሲቀነስ የእርከኑ ተቀናሽ 850፣ ማለትም 1,650 ብር ነው፤ በ30 በመቶው ደንብ ሲሰላም 3,000 ሲቀነስ የዚያ እርከን ተቀናሽ 1,350፣ አሁንም 1,650 ብር ነው። ሁለቱ መስመሮች በዚያች ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ደመወዙ 100 ብር ቢጨምር ግብሩ 1,680 ብር ይሆናል፤ ከጭማሪው 30 ብር ሲወሰድ 70ው ለሠራተኛው ይቀራል። ከመካከላችን ፔሮል የምትሠራ አንዲት ባልደረባ 850ንና 1,350ን በየወሩ ስትቀንስ የኖረችው ከሠንጠረዥ እያየች እንደነበርና ከየት እንደሚመጡ ያየችው ያን ምሽት እንደሆነ ለክፍሉ ተናገረች። ቁጥሮቹ የሚመጡት መስመሮቹ እንዲገናኙ ከሚያስገድደው ሁኔታ ነው፤ ስሎፑ በ10,000 ብር ላይ በ5 በመቶ ሲጨምር ተቀናሹም በ500 ብር መጨመር አለበት። አልጀብራን ከመጽሐፍ አውጥቶ ሰው በየወሩ በሚፈርምበት ወረቀት ላይ የሚያሳይ መምህር ማግኘት ዕድል ነው።

በራሽናል ፈንክሽን (ኤክስ ያለበት አገላለጽ በአካፋይነት በሚገባበት ፈንክሽን) ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አይቻለሁ። ‹ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4› ለ‹ኤክስ ሲቀነስ 2› ሲካፈል፣ ሲቃለል ኤክስ ሲደመር 2 የሚል ቀጥተኛ መስመር ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ኤክስ 2 ላይ ፈንክሽኑ ዋጋ ስለሌለው በዚያ ቦታ፣ በዋይ 4 ላይ፣ ባዶ ክብ መደረግ አለበት። 1 ለ‹ኤክስ ሲቀነስ 2› ሲካፈል ግን በዚያው በኤክስ 2 ላይ የሚገኘው ቀዳዳ ሳይሆን ግራፉ እየቀረበው የማይነካው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር፣ ማለትም ቁም አሲምፕቶት፣ ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን ፈንክሽን ጂኦጄብራ በተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ ላይ አስገብተው ሲያሳዩን ስክሪኑ ላይ የታየው ምንም ክፍተት የሌለው መስመር ነበር። ስልክ ከእጅ ሥራ በኋላ እንጂ በፊት መምጣት የለበትም የሚለው አቋማቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኤክስፖኔንሻል (ኤክስ በፓወር ቦታ የሚገባበት ፈንክሽን) እና ሎጋሪዝም ለኮርሱ ማብቂያ በተረፉት ጥቂት ምሽቶች ተጨናንቀው ተሰጡ። ኢንቨርስ ፈንክሽን (የሌላውን ፈንክሽን ሥራ ወደ ኋላ የሚመልሰው) በግማሽ ክፍለ ጊዜ አለፈ፤ ሎጋሪዝም የኤክስፖኔንሻል ኢንቨርስ መሆኑና ግራፋቸውም ዋይ እኩል ኤክስ በሚለው መስመር ግራና ቀኝ እንደ መስታወት ምስል መተያየቱ ተነገረን እንጂ አልሠራነውም። ይህ ለኢኮኖሚክስና ለአካውንቲንግ ተማሪ ትልቅ ጉዳት ነው። በዓመት 7 በመቶ የሚወለድ ገንዘብ ወለዱ ካልተነካ እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ከጥቂት ወራት እንደሚፈጅበት ለማስላት የሚያስፈልገው ሎጋሪዝም ነው። የክፍሉ ግማሽ የሚሆነው ተማሪ የመጣው ለዚህ ዓይነት ስሌት ሆኖ ሳለ፣ ፖሊኖሚያል (እንደ ኳድራቲክ ያሉ ፈንክሽኖች) ላይ የዋለው ጊዜ ተቀንሶ ለዚህ ሊሰጥ ይገባ ነበር። ለአስተዳደሩም ይህንኑ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

የሚታደለው ሃንድአውትም ሊሻሻል ይገባዋል። ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየተነሣ ስለመጣ የግራፎቹ ቀጫጭን መስመሮች ጠፍተዋል፤ ባዶ ክብና የተሞላ ክብ መለየት በማይቻልበት ወረቀት ዶሜይንን ማስተማር አይቻልም። ክፍሉ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የሰሌዳው ታችኛ ክፍል አይታየውም፤ ከሥራ በቀጥታ የሚመጡትም ዘግይተው የሚደርሱት እነርሱ በመሆናቸው ጉዳቱ የሚያርፈው በእነርሱው ላይ ነው። ማብራሪያው በአማርኛ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ ለእኔ ተስማምቶኛል።

ክፍያው በሁለት ጊዜ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ሁለት ነገሮችን ቢያደርግ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ፍራክሽንና የነጌቲቭ ቁጥር ስሌት የሚያስቸግረው ከሆነ ኮርሱ እነዚህን ቆሞ ስለማያስተምር ቀደም ብሎ ይከልስ፤ ለዚህም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ስለሚገኝ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰዓት ተቀምጦ መሥራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከመክፈሉ በፊት ለኤክስፖኔንሻልና ለሎጋሪዝም ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተመደበ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅ፤ የኮርሱን ዝርዝር መርሐ ግብርም በወረቀት ይቀበል።