ማሞቂያዋ እምቢ ያለው ቪትዝ፦ 11 ወር በሐረጎ መንገድ

ቪትዟን፣ ትንሿን የቶዮታ መኪና፣ የገዛኋት ባለፈው ጥቅምት ነው። 2002 ሞዴል፣ 1.0 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በቀን ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

መጀመሪያ ብሬን ያፈሰስኩት ውስጧ ላይ ነው። ቆዳ መሰል የወንበር ልብስ አለበስኳት። ባለስክሪን ቴፕ፣ የጎማ ምንጣፍና አዲስ የበር ጎማ ጨመርኩ። የወንበሩ ልብስ መልኩ ያምራል፣ ምቾቱ ግን አላረካኝም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ስትውል ጀርባ ያቃጥላል። ደሴ ጠዋት ደግሞ በረዶ ነው። በአራተኛው ወር የሹፌሩ ወንበር ስፌት በበሩ በኩል ተተረተረ። ስገባና ስወጣ የምፈትገው ጠርዝ ነው። ወንበር ሰፊው ከውስጥ ሸራ ደርቦ በድርብ ክር መለሰው፤ እስካሁን ይዟል። ዛሬ ብገዛ ጨርቁን ነበር የምመርጠው።

የበሩ ጎማ ግን ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የወደድኩት ነው። ከሚሌ በባቲ በኩል የሚመጡት ከባድ መኪኖች አጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸው ቀንሷል። አቧራውም እንደ ድሮው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲጠና ማሞቂያውን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ነድቼም የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ነበር። እናቴ ከኋላ ጋቢዋን ተከናንባ «ልጄ፣ ይሄ መኪና እሳት የለውም እንዴ?» አለችኝ። አንድ ጋራዥ የማሞቂያው ራዲያተር ተደፍኗል ብሎ አጠበ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ምንም አልተለወጠም።

ኮምቦልቻ ያገኘሁት አንድ አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሯ ገና ሳትሞቅ የራዲያተሩን ቱቦ ዳሰሱ። «አብሽር ልጄ፣ ቴርሞስታቷን አውጥተውባታል» አሉኝ። ቤቱን ፈተው አሳዩኝ፤ ባዶ ነው።

ይህ እኛ አገር የተለመደ ነው። መኪና እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታት ይወጣል። ግን ሥራው ውሃውን ይዞ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ማድረግ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ወደ ራዲያተሩ መልቀቅ ነው። ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ይዞራል፣ ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም። የሞተሩ ኮምፒውተርም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ብርድ ደግሞ ይብሳል።

አዲሱ ቴርሞስታት የገባ ዕለት ማሞቂያው ሠራ። የቤንዚኑን ነገር ያየሁት በኋላ ነው። ታንከሯን ሞልቼ፣ እንደገና እስክሞላ የሄድኩበትን ኪሎ ሜትር በሊትሩ እያካፈልኩ እመዘግባለሁ። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 13.8 ገባች። ዲፖራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) እና ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) ቀየርኩ። ጣሪያዋ ላይ ባዶውን የምትሸከመውን ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) አወረድኩ። የጎማውን ንፋስ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት በበሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ማስተካከል ጀመርኩ። አሁን 14.6 ላይ ነኝ። በእኔ መንገድ በወር ከ18 ሊትር በላይ ተረፈኝ ማለት ነው። የቤንዚን ሰልፍ ለተሰለፈ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። ቤንዚን ለመቆጠብ ሐረጎን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ አትውረዱ። ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ኢንጀክሽኑ ቤንዚን ያቋርጣል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬኑም ብቻውን ተሸክሞ ይግላል። እኔ ቁልቁለቱን ማርሹን 2 ላይ አድርጌ ነው የምወርደው።

ቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰረውን ማግኔትም ሞክሬያለሁ። ሁለት ወር ለካሁ፣ ቅንጣት ለውጥ የለም። አትግዙ።

ነሐሴ ላይ ሐረጎ በጭጋግ ሲሸፈን የፊት መስታወቱ በሁለት ደቂቃ ይጠራልኛል። እናቴም ጋቢዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። የቀረኝ የኋላ አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው) ነው፤ ከመስቀል በኋላ እቀይረዋለሁ።