ታይገር ሞዝ ከ11 ወር በኋላ፦ የጋሪ ፈረስ ጭራ፣ ጧፍና የደብረ ብርሃን ክረምት

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ወረንጦና አጉሊ መነጽር የዕለት እንጀራዬ ናቸው። ባለፈው ኅዳር የአክስቴ ልጅ ከእንግሊዝ ሲመጣ አንዲት የአውሮፕላን ሞዴል ኪት (ክፍሎቿን ቆርጦ በማጣበቅ የምትሠራ ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን) አመጣልኝ። "ይቺማ የሁለት ምሽት ሥራ ናት" አልኩት። አራት ወር ፈጀችብኝ። በመጋቢት አለቀች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰባት ወር ሆናት። በጋውንም ክረምቱንም ስላየች አሁን ስለ እሷ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ኪቷ ታይገር ሞዝ ናት። ከላይና ከታች ክንፍ ያላት፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት የእንግሊዝ ማሠልጠኛ። "ሞዝ" የእሳት እራት ማለት ነው። በእኛ ፊደል "ሞት" ብዬ ልጽፈው ነበር፤ ባለቤቴ "ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር አይገባም" ስላለች ተውኩት። መለኪያዋ 1/72 ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.94 ሜትር ነው። ያ በ72 ሲካፈል 12.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። የማማርረው ነገር አለኝ፤ ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ሊሆንም ይችላል።

ይቺ አውሮፕላን ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከዚያ በኋላ ከ8,000 በላይ ተሠርታለች። የተገኘችው ደግሞ ከጂፕሲ ሞዝ ዘር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አንዲት ጂፕሲ ሞዝ ነበረቻቸው። በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓላቸው ቀደም ብሎ፣ "ጥቁሩ ንስር" የሚባለው የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሁበርት ጁሊያን አብሯት ወደቀ። እሱ ተረፈ፤ እሷ ተሰባበረች። እና ክንፏን ሳጣብቅ አንዳንዴ "ጁሊያን እንዳያይሽ" እላት ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ፕላስቲኩ ግራጫና ጥሩ ነው። የሸራው ሽፋን በክንፉ አጥንቶች መሃል ረገብ ያለው ሳይቀር ይታያል። ክፍሎቹ አርባ ምናምን ናቸው። ብዙዎቹ ያለ ትግል ይገጥማሉ። የአካሉ ሁለት ግማሾች ሲጋጠሙ ከሆዷ ሥር ስንጥቅ ቀረ፤ እሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። መመሪያው ሥዕል ብቻ ነው። ማንበብ አይጠይቅም፤ ግን አንዳንዱ ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት የሣለው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሙጫና ቀለም አብሮ አልመጣም። ተቀጣጣይ ነገር በሻንጣ አይጫንም። ስለዚህ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለመንኳት። እኔ የተጠቀምኩት አሴቶን ያለበትን ነው። አሴቶን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠው ሁለቱ ክፍሎች ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነካ አድርጎ መተው ነው። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፤ ሽታው ራስ ያዞራል። በ11 ወር ውስጥ በአሴቶን ያጣበቅኩት አንድም ቦታ አልለቀቀም።

ችኩልነቴ የፈረደብኝ በሱፐር ግሉ ነው። የአብራሪዎቹ የንፋስ መከላከያ መስታወቶች የሩዝ ፍሬ ያህል ናቸው። "እነዚህ ቶሎ ይያዙልኝ" ብዬ ሱፐር ግሉ ጠብ አደረግኩ። በማግሥቱ ሁለቱም እንደ በረዶ ነጥተው ጠበቁኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት መስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ከኪኒን ማሸጊያ ላይ ጠርቤ ሌላ ሠራሁ። ነጭ የእንጨት ሙጫ ብትጠቀሙ ግን እዚህ ጣጣ ውስጥ አትገቡም።

ቀለሙን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን አክሪሊክ። ወፍራም ስለሆነ በውኃ ማቅጠን ያስፈልጋል። ሙሉ ቢጫ ነው የቀባኋት። ቢጫ ደግሞ ክፉ ቀለም ነው። ግራጫ ላይ ሲቀቡት አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ሦስት ጊዜ ደራርቤ ያው ነው። አራተኛው ላይ ሁሉንም አጥቤ መጀመሪያ ነጭ ቀባሁ። ከዚያ ሁለት ስስ ቢጫ በቃ።

በታኅሣሥ ውርጩ ሲያይል ቀለሙ አልደርቅ አለኝ። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነን፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ቡና እስኪፈላ የታችኛው ክንፍ እንደ ደረቀ ቂጣ ጫፉ ተቆለመመ። ፈላ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጭኜ አቃናሁት። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የሚያውቅ ሰው ከጎን ካየው ይለየዋል። እስካሁን ግን የሚያውቅ ሰው አልመጣም።

ባለ ድርብ ክንፍ ለሚሠራ ሰው አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል ይህን እላለሁ፦ የላይኛውን ክንፍ ከመስቀላችሁ በፊት ሁሉንም ቀቡ። ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ አይገባም። ክንፉን የሚሸከሙት መሃል ላይ አራት አጫጭር ምሰሶዎች፣ በየጎኑ ደግሞ ሁለት ሁለት ረጃጅም ናቸው። ስምንቱም በአንድ ጊዜ ቀዳዳቸውን ማግኘት አለባቸው። አንዱን ስታስገቡ ሌላው ይወጣል። ሁለት የክብሪት ቀፎ በታችኛው ክንፍ ላይ አቁሜ፣ የላይኛውን እነሱ ላይ አስተኝቼ ነው የተገላገልኩት። ከፍታው ያነሰበት ቦታ ወረቀት አጥፌ ጨመርኩ።

ሽቦዎቹ ቀሩ። እውነተኛዋ አውሮፕላን ክንፎቿ በሽቦ የተጠፈሩ ናቸው። አንዱ ወገን አውሮፕላኗ ስትበር ክንፉ ወደ ላይ እንዳይገነጠል ይይዛል፤ ሌላው ቆማ ሳለች ክንፉ እንዳይዘምም ይደግፋል። ሳጥኑ ውስጥ ግን ለሽቦ የሚሆን ምንም ነገር የለም። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ሽቦዎቹን አንድ ሳያስቀር ያሳያል! የተናደድኩበት ይኸ ነው።

መሲንቆ የሚጫወት ጎረቤት አለኝ። የመሲንቆው ጅማት የፈረስ ጭራ ነው። "እኔ የምጠቀምበትን ሞክር" አለኝ። ጋሪ ወደሚቆምበት ሄጄ አንድ ልጅ የፈረሱን ነጭ ጭራ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ለምን ፈለጉት? ጭራ ሊያሠሩ ነው?"

"አይ፣ አውሮፕላን ላስርበት ነው።"

ልጁ ትንሽ አሰበ። "እንዳይበር ነው?"

ጭራውን በሳሙና አጠብኩት፤ አደረቅኩት። በመርፌ ጫፍ ክንፉን ወጋ ወጋ አድርጌ፣ አንድ አንድ ዘለላ እየወጠርኩ በቀኝ በኩል አሰርኩ። ሲያልቅ አማረ። ትንሽ ወፈረ እንጂ። ዘለላው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ72 ሲባዛ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ጣት የሚያህል ሽቦ ማለት ነው። ዓይኔ አልቀበል አለው። ስለዚህ በግራ በኩል ሌላ ዘዴ ሞከርኩ።

ክፍሎቹ ተያይዘውበት የሚመጡት የፕላስቲክ ዘንግ አለ፤ ቆርጠው የሚጥሉት። ጧፍ አበራሁ። ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ከነበልባሉ ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ አሽከረከርኩት። እሳቱን ከነካ ይቃጠላል፤ ከራቀ አይለሰልስም። መሃሉ መጀመሪያ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ ጎበጥ ይላል። ያኔ ከእሳቱ አውጥቶ መሳብ ነው። ቶሎ ከሳቡት እንደ ጸጉር ይቀጥናል፤ ከዘገዩ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ተበጠሱብኝ። ሠራሁ የምለው አሥራ አንደኛውን ነው። ክር የሚያህል፣ ክንድ ሙሉ ርዝመት ያለው ግራጫ ፕላስቲክ። ልጄ "አባዬ ሸረሪት ሆነ" አለች። የእሳት እራት በጧፍ መሠራቷም ሳያስቀኝ አልቀረም።

ከተጣበቀ በኋላ የረገበ ካለ፣ የዱላ ዕጣን ለኩሶ ነበልባሉን አጥፍቶ፣ ፍሙን ጠጋ ማድረግ ነው። ክሩ በሙቀቱ ይሰበሰብና ቀጥ ይላል። ጠጋ አልኩ እንጂ ንካ አላልኩም። አንዱን ነክቼ ለሁለት ቆርጬዋለሁ።

እንግዲህ ሳላስበው ሙከራ ሆነ። ቀኙ ጭራ፣ ግራው ፕላስቲክ። ከአንድ የድሮ የግድግዳ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ፔንዱለሙን አውጥቼ እዚያ አስቀመጥኳት። እስከ ሰኔ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆዩ።

ሐምሌ ገባ። ጭጋጉ ከደጅ አልፎ ቤት ገባ። አንድ ማለዳ ሳያት የቀኝ ክንፏ ሽቦዎች እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግበዋል። የግራው ንቅንቅ አላለም። ለጎረቤቴ ስነግረው በሳቅ ሞተ። "መሲንቆዬንስ በክረምት በየሰዓቱ የምቃኘው ለምን መሰለህ?" ጸጉር እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል። በዚሁ ጠባዩ የእርጥበት መለኪያ ተሠርቶበታል፤ ስዊዛዊው ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1783 ያስተዋወቀው። የሚረዝመው በጣም ትንሽ ነው። ግን ሁለቱ ጫፎቹ ተይዘዋልና ትርፏ ሁሉ ወደ ታች ትወርዳለች። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጭራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢረዝም መሃሉ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረግባል። ይህችን በምታክል ዕቃ ላይ ያ ብዙ ነው።

በዚያው ሰሞን ተጭሮ የነበረ ቦታ ላይ ቫርኒሽ ነፋሁ። ነጭ ጉም ሆኖ ደረቀ። በዝናብ ወቅት ቫርኒሽ አትንፉ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

መስከረም ሲጠባ ጭራውን አውልቄ በፕላስቲክ ልተካው አስቤ ነበር። ሥራ በዝቶ ዘገየሁ። በጥቅምት ሳጥኑን ስከፍት ቀኙ ራሱ ተወጥሮ ጠበቀኝ። በጋው ቃኝቶታል። ግራውን አቧራ ላራግፍ በብሩሽ ስነካው ደግሞ ሁለት ክር ቀጭ ቀጭ አለ። ፕላስቲኩ ሲቆይ ይደርቅና ይሰባበራል። ጭራው ግን በሰባት ወር አንድም አልተበጠሰም። አሁን የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ልጅ ያለበት ቤት ጭራ እላለሁ፤ ክረምቱን ዓይናችሁን ጨፍኑ። መስታወት ውስጥ ተዘግታ የምትቀመጥ ከሆነ ፕላስቲክ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ቢጫው አልደበዘዘም፤ ሱቄ ፀሐይ አያገኛትም። ውኃ ውስጥ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶች ሥር ግን አየር ገብቶ በጎን ሲያዩት ብርማ ይመስላል። ቀለሙ ሻካራ ስለነበር ነው። መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀብቼ ብለጥፍ ይህ አይመጣም ነበር።

ይገዛ ወይ? ትዕግሥት ላለው ሰው፣ አዎ። ለልጅ ስጦታ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ባለ ነጠላ ክንፍ ስጡት። ስምንት ምሰሶ ልጅን ያስለቅሳል። እኔንም ሊያስለቅሰኝ ነበር።

የአክስቴን ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ፖቴዝ 25 ፈልጎ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። አገራችን መጀመሪያ የገባው አውሮፕላን እሱ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው። በ1/72 ክንፉ 20 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ሰዓት ሳጥኔ አይበቃውም። ጋሪ ነጂው ልጅ በየጠዋቱ ሲያልፍ "ጋሼ፣ አልበረረም አይደል?" ይለኛል። ሌላ አሥር ዘለላ እንዲያስቀምጥልኝ ጠይቄዋለሁ። ቀጭን ቀጭኑን።