ለደብረ ብርሃን ግቢ አማካሪ ምስጋና፣ ለፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪዎችና ለወላጆች ጥቆማ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ፣ ዘንድሮም የምትልኩ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡልኝ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ምክር አገልግሎት የሚሠሩ አንዲት ባለሙያ ለታናሽ እህቴና ለመላው ቤታችን የዋሉትን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልችልም። ስማቸውን እንድጠራ አልፈቀዱልኝም፤ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ነው ያሉኝ። ግቢው ውስጥ ያላችሁ ልጆች ግን ማንን እያልኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኛ የደብረ ሲና ሰዎች ነን። እናታችን እስከ ዛሬ ድረስ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዛ የምትወጣ ናት፤ እኛንም ያስተማረችን በዚያው ነው። ደብረ ብርሃን ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ለሚደርስ ልጅ ግን ብርዱም ኑሮውም ሌላ አገር ነው። እህቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትደውል ድምፅዋ አይሰማም ነበር። መምህሩ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ እሷ እጇን አታወጣም፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ስለ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ብቻ ነው የሚያወራው። አንዲት ሲኒየር (ቀድማት የገባች ተማሪ) እጇን ይዛ ወደ ምክር ቢሮው ባትወስዳት ኖሮ በራሷ አትሄድም ነበር። ብዙ ተማሪ ያ ቢሮ የታመመ ወይም ሊባረር የደረሰ ሰው ብቻ የሚሄድበት ይመስለዋል፤ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ልጅ እየጎዳ ነው።

አማካሪዋ መጀመሪያ ስለ ዲፓርትመንት አንዲት ቃል አላነሱባትም። ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ ቁርስ ትበላለች ወይ፣ ከማን ጋር ታጠናለች፣ እሱን ነው የጠየቋት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አዘዟት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በፈለገችው ክፍል፣ አንድ ጥያቄ እጇን አውጥታ እንድትጠይቅ። የመጀመሪያውን ቀን እየተንቀጠቀጠች እንደጠየቀች ነግራኛለች። ሁለተኛው ላይ መምህሩ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አላት፤ ያን ቀን ማታ ስትደውል ድምፅዋ ተመልሶ ነበር።

ለማያውቅ ወላጅ ላስረዳ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው እንደገባ ዲፓርትመንት አይገባም። መጀመሪያ የጋራ ኮርሶች ይወስዳል፤ ሳይኮሎጂው፣ ሎጂኩ፣ አንትሮፖሎጂው፣ ኢኮኖሚክሱ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊው። ከዚያ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ይሞላል፣ ድልድሉም ውጤትን ተከትሎ ይወጣል። አብዛኛው ልጅ ይህን ጊዜ ውጤት ማጠራቀሚያ ብቻ ያደርገዋል። እኚህ ሴት ግን ለተማሪዎቻቸው ደብተር ያስይዛሉ። ደብተሩ ላይ ውጤት አይጻፍም። ማንም ሳያዝሽ ያነበብሽው ምዕራፍ የትኛው ነው፣ የትኛውንስ ለፈተና ብቻ ገልጠሽ ዘጋሽው፣ እሱ ነው የሚጻፈው። ቀጥሎ የሚያስቡትን ዲፓርትመንት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶች ዝርዝር ያስነብቧቸዋል፤ ስሙ አምሮ ውስጡ የማይጥም ብዙ አለና። ከዚያም ወደ ሲኒየር ይልኳቸዋል፣ ሁለት ጥያቄ አስይዘው፦ «በጣም የሰለቸህ ኮርስ የትኛው ነው?» እና «አምና የተመረቁት አሁን ምን እየሠሩ ነው?»

የእህቴ ደብተር በጂኦግራፊ ተሞላ። አይገርምም፤ ያደገችው ከገደሉ ሥር ነው። በጣርማ በር ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ማሳና ቤት ይዞ ሲሄድ የኖርንበት ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱን ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። እሷ የስምጥ ሸለቆውን አፈጣጠር ስታነብ የራሷን ሰፈር አገኘችው። አማካሪዋ ይህን አይተው አንድ የጂኦግራፊ መምህር ዘንድ ላኳት፤ መምህሩም በጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ ዘዴ) በተሠራ ካርታ ላይ ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት አሳያት።

ችግሩ አባባ ነበር። አባባ ልጁ ዳኛ እንድትሆን ነው የሚመኘው፤ ሶሻል ከሆነች ሕግ፣ ካልሆነ አካውንቲንግ። ጂኦግራፊ ልትሞላ መሆኑን ሲሰማ ጋቢውን አጣፍቶ ደብረ ብርሃን ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። አማካሪዋ ከወንበራቸው ተነሥተው «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብለው ተቀበሉት። ሲናገር አላቋረጡትም።

«ጂኦግራፊ ተምራ የት ትገባለች? መምህርነት ብቻ አይደለም ወይ?» አለ።

«መምህርነት አንዱ ነው፣ አልዋሽዎትም» አሉት። «የመሬት አስተዳደር አለ፣ አደጋ መከላከል አለ፣ የመስኖና የመንገድ ፕሮጀክቶች ካርታ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ሥራ ግን ዛሬ ለማንም ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፣ ለሕግም ቢሆን። ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ በየትኛውም ዲፓርትመንት 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ሳይወድ የገባበትን ትምህርት ለዓመታት እየገፋ የኖረ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚቸገረው እዚያ ነው።»

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው እኔን የነካኝ። ሊያሳምኑት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ዝም አሉና ወደ እህቴ ዞሩ። «አንቺ ንገሪያቸው» አሏት። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የፈራችው ልጅ፣ መሬቱ ለምን እንደሚንሸራተት፣ ውኃው ከሥር እንዴት እንደሚገባ፣ የት ቤት መሥራት እንደማይገባ ለአባቷ አስረዳችው። አባባ መሬቱ ሲንሸራተት በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ የወሰደውን ማሳ ከነባለቤቱ ያውቀዋል። ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ። መጨረሻ ላይ «ይሁን፤ ብቻ እንዳትዘናጊ» አላት።

የመጀመሪያ ምርጫዋ ደረሳት። ሕግ መማር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከዶርም ጓደኞቿ አንዷ በዚሁ ደብተር ሕግን መርጣ ገብታለች፣ ደስተኛም ናት።

ስለዚህ ጥቆማዬ ይኼ ነው። የደብረ ብርሃን ፍሬሽ ከሆናችሁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳችሁ ምክር አገልግሎቱን ጠይቁ። ሌላ ግቢ የደረሳችሁም በየግቢያችሁ ጠይቁ። ፎርሙ ሳይወጣ ሂዱ፤ ፎርሙ ከወጣ በኋላ ሰልፉም ይረዝማል፣ ለማሰብም ጊዜ የለም። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁንም እንደ መጀመሪያው አስባችሁ ሙሉ፤ ብዙ ሰው የሚደርሰው እሱ ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ ፈቃደኛ ከሆነች አብራችሁ ግቡ። አባባን ማንም አልተቆጣውም።

ለእርስዎ፣ እናታችን ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ብላለች። በደብረ ሲና ሲያልፉ ሳይወርዱ እንዳያልፉ ብላም ልካለች፤ ቆሎው ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።