የእናቴ ቤት ሻወርና ያሠራኋቸው ሰዎች

ከውጭ ስንመጣ ብዙዎቻችን ለቤተሰብ ቤት አዲስ የሻወር ራስ ሻንጣ ውስጥ ይዘን እንመጣለን። ባታመጡ ይሻላል። አሜሪካ የሚሸጠው በደቂቃ ከ9.5 ሊትር በላይ እንዳያፈስ በሕግ የተገደበ ነው፤ የተሠራውም ለጠንካራ ግፊት ነው። ከሮቶ በሚወርድ ውሃ ላይ ሲገጠም ጭራሽ ያንጠባጥባል።

እናቴ የምትኖረው አራት ኪሎ ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የግድ ነው። ከሻወሩ ግን ውሃው በቀጭኑ ነበር የሚወርደው።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ መታጠቢያ ቤቱን እንኳን ሳያይ "ትልቅ ፓምፕ ግዢ" አለኝ። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ እስባለሁም አለ። አልተስማማሁም። እንዲህ ያለ ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ይሻማል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለም ከአፈሩ ቆሻሻ ስቦ ያስገባል።

ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ጎረቤት ነው የጠቆመን። ይህን ልጅ ሳላመሰግን አላልፍም። መጀመሪያ ባልዲ ጠየቀ። ከሻወሩ 10 ሊትር ለመሙላት ከ3 ደቂቃ በላይ ፈጀ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ከፈተ፤ እዚያ ደህና ይፈሳል። "እማማ፣ ሮቶው ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ወደ ሻወሩ በሚሄደው መስመር ነው" አላት። የሻወሩን ራስ ሲፈታው ቀዳዳዎቹ በነጭ ድንጋይ ተደፍነዋል። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው። በማግስቱ ልዩነቱ ታየ። ውሃው ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛው እንዲህ ያለው መደፈን በየጊዜው ይመለሳል፤ አቼቶው ቤት ይቀመጥ።

ከዚያ የድሮውን የብረት ቧንቧ ቆረጠ። ዝገቱ ከውስጥ አጥብቦት እርሳስ እንኳን አያሳልፍም ነበር። በፕላስቲክ ተቀየረ። የቀረው የከፍታ ጉዳይ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶ ከሻወሩ ራስ የሚበልጠው በ1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ 0.1 ባር ብቻ ነው። የብረት ማማውን ማስረዘም ይቻል ነበር፤ ግን ሙሉ ሮቶ ከአንድ ቶን በላይ ስለሚከብድ አልደፈርነውም። ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ ከሮቶው በኋላ ተገጠመ፤ ሻወሩ ሲከፈት ይነሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል።

ዕቃውን የገዛነው መርካቶ ነው። ባለሱቁ የሶስት አራተኛ ኢንች ነው ብሎ የሰጠን መገጣጠሚያ ግማሽ ኢንች ሆኖ ሲገኝ ያለ ክርክር ለወጠልን። ደረሰኝ ግን ጠይቃችሁ ያዙ።

ቤቱ ሲሠራ ያደርኩበት ፒያሳ አካባቢ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ትሑቶች ናቸው። ፓምፑን ማታ ስለሚያጠፉት ግን ከላይኛው ፎቅ ክፍል አትያዙ።

ወጣቱ የሥራ ዋጋውን ከዕቃው ለይቶ አስቀድሞ ነገረን፤ ስንጨርስም አልጨመረም። ረዳቱን የሚከፍለው እሱ ቢሆንም ለልጁ ለብቻው የሆነ ነገር ስጡት፤ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለው እሱ ነው። ፓምፕ የምታስገጥሙ ከሆነም ይህን ጠይቁ፦ በፓምፑ ጎን ማለፊያ ቧንቧ፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚከለክለው ቫልቭ ጋር ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል፤ እናቴም በቀጭኑም ቢሆን ትታጠባለች።